አንዲት አረንጓዴ ስፌት

ሌላው ሰው ሲጨንቀው ይተኛል፤ እሷ ግን መቀመጥ ያቅታታል። ከጠዋት ጀምሮ የተጠረገውን ቤት መልሳ ጠረገች። ጫማ የሚወጠርባቸውን የእንጨት ፎርማዎች ከመደርደሪያው አውርዳ፣ በቁጥራቸው ተደርድረው የነበሩትን እንደገና በቁጥራቸው ደረደረች። የአባቷን የቆዳ ሽርጥ ከሚስማሩ ላይ አንስታ አራገፈችና ወደነበረበት መለሰችው። አባቷ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሽርጡ ግን አሁንም ለአፍታ ወጣ ያለ ሰው ሰቅሎት የሄደ ይመስላል።

"አንቺ ወስፌ!" አላት ጋሽ ቢላ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ቀና ሳይል። "ቆዳው ሲያልቅብሽ ወለሉን ልትበሺው ነው? ወይ ቁጭ በይ፣ ወይ ሄደሽ እዪውና እኛም እንረፍ።"

"ውጤቱ የሚለጠፈው በአራት ሰዓት ነው ጋሼ።"

"እስከ አራት ሰዓት ታዲያ እኛ ምን በደልን?"

ማሽን ላይ የነበሩት መንትያ እህትማማቾች ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ሶል ለጣፊው ግን አልሳቀም፤ እሱ ከመጣ ጀምሮ ስቆ አያውቅም።

ወስፌ ያላት አባቷ ነው። ወስፌ መርፌው እንዲያልፍ ቆዳውን ቀድሞ የሚበሳው ብረት ነው። ልጅ ሳለች ቀጭን ነበረች፣ አፏም ይወጋ ነበር፤ ስሙ በዚያው ተጣበቀባት። ጋሽ ቢላ ደግሞ ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት ቆዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ቢላው አንዳንዴ ይደንዝ እንደሆን እንጂ ምላሱ ደንዝዞ አያውቅም።

ቀድሞ በዚህ ቤት አሥራ ሁለት ሰው ይሠራ ነበር። ከዚያ መንገዱ ሁሉ ከውጭ በመጣ አብረቅራቂ ጫማ ተሞላ። ደንበኛ ይገባል፣ ጫማ ያነሳል፣ ይወደዋል፣ ይገለብጥና ሶሉን ያያል። "የአገር ውስጥ ነው እንዴ?" ይልና እሳት እንደነካው ሰው መልሶ ያስቀምጠዋል። አሥራ ሁለቱ ስምንት ሆኑ፤ ስምንቱ አምስት። ዛሬ የሚለጠፈው የሆስፒታሉ የነርሶች ጫማ ጨረታ ውጤት ነው፤ በዓመት አራት መቶ ጥንድ፣ ለሦስት ዓመት። ሥራው ከመጣ አምስቱም ይቆያሉ፣ የሄዱትም ይጠራሉ። ካልመጣ በወሩ መጨረሻ ይህ በር ይዘጋል። ይህን ለማንም መናገር አላስፈለጋትም። መንትዮቹ ሌላ ቦታ ሥራ መጠየቅ መጀመራቸውን ታውቃለች፤ እነሱም ማወቋን ያውቃሉ።

ዕረፍት የነሳት ግን ሥራው ብቻ አልነበረም። በሆስፒታሉ የግዢ ክፍል ውጤቱን የሚመዘግበው ሰው አርባ ስድስት ነው።

አርባ ስድስት የእግሩ ቁጥር ነው። ከአራት ዓመት በፊት እያነከሰ ገባ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተማረ፣ ከሩቅ ሲታይ የሀብታም ቤት ልጅ፤ ጫማው ደግሞ ውድ፣ ከውጭ የመጣ፣ ግን ጠባብ።

"በከተማው ፈልጌ አጣሁ" አለ። "ከአርባ አምስት በላይ አያመጡም።"

አባቷ ሲሠራ ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈሮቹ መካከል ይይዝ ስለነበር ረጅም ንግግር አይሆንለትም። "ጫማ ነው ለእግር የሚሠራ" አለው። "አንተ እግርህን ለጫማ ስትሠራ ኖረሃል።" ከዚያ ወደ ወስፌ ዞሮ በአገጩ አመለከታት፤ ለኪው ማለቱ ነው።

ተንበርክካ ለካችው። የካልሲው አውራ ጣት ላይ ቀዳዳ ነበረው። አየችው፤ እንዳላየች ሆነች። እሱ ደግሞ እንዳላየች መሆኗን አየ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ደህናውን ጫማ ለጥገና ይዞ መጣ። እጇን ወደ ውስጥ ብትሰድ ከአፍንጫው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። እሷም መልሱን እዚያው አድርጋ ሰጠችው። አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤው እንዲህ በጫማ ሲመላለስ ኖረ። "ይሄ ሰውዬ ጫማ ነው የሚያደርገው ወይስ ፖስታ ቤት?" ይል ነበር ጋሽ ቢላ። ደብዳቤዎቹ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አለቃው፣ መንገድ ላይ ስላያቸው እግሮች ይናገራሉ። አንዲት ቃል ግን በአንዳቸውም ውስጥ የለችም። ያቺን ቃል ፍለጋ እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ ሁለተኛው ንባብ ሁልጊዜ ያማታል።

አንድ ጊዜ እናቱ ዘንድ ወስዷት ነበር። እናቱ ከውጭ ካልመጣ በቀር በእግራቸው የማያስገቡ ሴት ናቸው። ወስፌ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ምንጣፉ ወረደ፤ የሴትየዋ ትንሿ ጣት በሹሉ ጫማ ውስጥ ስትጨነቅ ታየቻት። "እማማ፣ ጫማዎ አያምዎትም?" ብላ ጠየቀች። እናቱ እግራቸውን ወደ ሶፋው ሥር ሳቡ። በኋላ እናቱ ምን እንዳሉ ሰማች፦ "ሰው ሰውን የሚያየው ከፊቱ ነው። እሷ ከእግር ጀመረችኝ።" ከዚያ ወዲህ ያንን በር አልረገጠችም።

* * *

በሆስፒታሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አራት ሰዎች ቆመው ነበር። በትከሻቸው መካከል አሻግራ አነበበች።

"ናሙና ቁጥር 4፦ ውድቅ። ምክንያት፦ በግራው ጫማ ምላስ ሥር አምራቹን የሚጠቁም አረንጓዴ ስፌት በመገኘቱ።"

ከሥሩ ፊርማ አለ። ያንን ፊርማ ከስንት ደብዳቤ ግርጌ አይታዋለች።

የጨረታው ደንብ ጥብቅ ነው። ናሙናዎቹ ያለ ስም፣ ያለ ማህተም ይቀርባሉ፤ ነርሶቹ በየክፍላቸው አድርገዋቸው ይሠራሉ፤ ከዚያ የተመቻቸውን ቁጥር ይመርጣሉ። አንድ ምልክት የተገኘበት ይወድቃል። እሷም ስማቸውን ከሶሉ ላይ ፍቃ አጥፍታ፣ ሳጥኑን በነጭ ወረቀት ሸፍና ነበር ያስረከበችው። ያቺ ስፌት ግን ቀረች።

አባቷ በወጣትነቱ ለአንድ ነጋዴ ጫማ ይሰፋ ነበር። ነጋዴው ጫማው ላይ የሰው አገር ስም ያትምበትና "ከባሕር ማዶ የመጣ" ብሎ ይሸጠዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው በሰው መካከል እግሩን ዘርግቶ "እንዲህ ያለ በእኛ አገር አይሠራም" ሲል ሰማው፤ ጫማው የእሱ የራሱ ሥራ ነበር። አፉን ከፍቶ መናገር አልቻለም፤ እንጀራው ነውና። በማግስቱ አረንጓዴ ክር ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠራው ጫማ ሁሉ የግራው እግር የመጨረሻ ስፌት ከምላሱ ሥር፣ ማንም በማያይበት፣ አረንጓዴ ሆነች። የራሱን ቤት ከከፈተም በኋላ አልተዋትም። ምስጢሩን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ፣ ጋሽ ቢላ፣ ደግሞ አንድ ቀን ምን እንደነካው ሳይታወቅ ራሱ የነገረው አርባ ስድስት።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የተሰጡ አንሶላዎች በሚወዛወዙበት ግቢ አገኘችው። እሱም ሲጠብቃት ነበር።

"አንተ ነህ የፈረምከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ነርሶቹ ማንን መረጡ?"

ዓይኑን ወደ አንሶላዎቹ መለሰ።

"ንገረኝ እንጂ!"

"አራትን። ከሃያ አራቱ ሃያ አንዱ።"

ነፋሱ አንሶላውን በመካከላቸው አስገባው። እሷ በእጇ ገፋችው።

"ታዲያ?"

"መዝገቡን ለመዝጋት ጫማዎቹን አንድ በአንድ ሳይ ምላሱን ገለጥኩት። አየኋት።"

"ከአንተ በቀር ማን ያውቃታል? በዚህ ሁሉ ሕንፃ ማን?"

"እኔ አውቃታለሁ። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ 'ለወዳጁ ሰጣት' ቢል ውሸት ነው ማለት አልችልም።"

"አምስት ሰው! በአንዲት ስፌት አምስት ሰው!"

"ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለ። "ስሙን ደብቁና እግር ይፍረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙን ካዩ የአገር ሥራ ከበር እንደማያልፍ ስለማውቅ። ለእናንተ ብዬ ያወጣሁትን ደንብ ለእናንተ ብዬ ላፍርሰው?"

እውነቱን መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ልትሄድ ስትል ክንዷን ሳይነካ በድምፁ ብቻ አቆማት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሙን ፍቀሻል። ሳጥኑን ሸፍነሻል። እሷን ግን ተውሻት። እዚህ ቤት ያቺን ስፌት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ታውቂያለሽ።" ዓይኑን ከዓይኗ አላነሳም። "ለእኔ ነው የሰፋሻት? አይቼ እንዳዳላልሽ?"

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። በሕይወቷ ሙሉ እውነት ለመናገር የምትምልበት አንድ መሐላ ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ስትከሰስም ስትከራከርም፣ በአፏ የምትቀድመው እሷ ነበረች፦ አባቴ ይሙት። አሁንም ቃሏ ከንፈሯ ላይ ደረሰች። እዚያው ቆመች። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ ይማላል? ሌላ መሐላ ፈለገች፤ የላትም። አፏን ከፍታ ቀረች፤ ከፍታ ዘጋችው።

እሱ ዝምታዋን አነበበ። ግን በስህተት አነበበው።

"ገባኝ" አለ በዝግታ። ሄደ። አባቷ የሠራው ጫማ በሲሚንቶው ላይ ሲርቅ እርምጃውን በጆሮዋ ቆጠረች። ከሺህ እግር መካከል ትለየዋለች። የመጨረሻው እርምጃ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

* * *

"እያወቅሽ ነው የሰፋሻት?" አላት ጋሽ ቢላ።

"እያወቅሁ።"

መንትዮቹ ማሽናቸውን አቆሙ። ሶል ለጣፊው በእጁ የያዘውን ብሩሽ ወደ ማስቲሹ ቆርቆሮ መለሰ።

"ጥቁሩን ክር አስገብቼ ነበር" አለች። "እጄ እምቢ አለኝ። ያቺ ከሌለች ጫማው የእሱ የማይሆን መሰለኝ። አንዲት ስፌት ማን ያያል አልኩ። እናንተን አላሰብኩም። ጥፋቴ ነው።"

ማንም አልጮኸባትም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። ከመንትዮቹ አንደኛዋ ተነስታ ውኃ ቀድታ አመጣችላትና ተመልሳ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት አላስቀመጧትም። ደብዳቤ ጀመረች፣ ቀደደች። "ለአባቴ ነው" ብላ ጻፈች፤ ስታነበው ሰበብ መሰላት፣ ቀደደች። ሊጠገን የመጣው የአርባ ስድስት አሮጌ ጫማ መደርደሪያው ላይ አለ። በቀን ሦስት ጊዜ እጇን ወደ አፍንጫው ትሰዳለች፤ ባዶ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የአባቷን ሽርጥ ስታራግፍ ከኪሱ አንድ ነገር ተንኳኳ። ሦስት ትናንሽ ሚስማሮች ነበሩ። ሆስፒታል ሊሄድ የተነሳ ዕለት ከአፉ አውጥቶ "ስመለስ" ብሎ ያስቀመጣቸው። መዳፏ ላይ ይዛቸው ቆመች። እንባ አልመጣም። ስምንት ወር ሙሉ አልመጣም፤ ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት ይላል።

* * *

ዓርብ ዕለት በሩ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቆሙ። ነጭ ጋዋን፣ ክብ መነጽር። የነርሶቹ አለቃ፣ ሲስተር ናቸው። ወስፌ ከፊታቸው በፊት እግራቸውን አየች፤ ናሙና ቁጥር አራት።

"አዎ፣ እሷው ናት" አሉ ሲስተር። "አስረክቢ አሉኝ። ወንድ የሆነ መጥቶ ያውልቅልኝ አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ቆሜ ስሠራ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ሳልነክር የተኛሁት ይህቺን ባደረግሁበት ሳምንት ብቻ ነው። ይልቅ ቁጭ በይ፣ ልጄ፣ የማነብልሽ አለኝ።"

"ቆሜ እሰማለሁ፣ ሲስተር።"

"እሷ አትቀመጥም" አለ ጋሽ ቢላ። "ያንብቡት።"

ሲስተር ከጋዋናቸው ኪስ ቁጥርና ማህተም ያለበት ወረቀት አወጡ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ የመድኃኒት ትእዛዝ እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብለው ጀመሩ።

"ለግዢ ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ ናሙና ቁጥር 4ን ይመለከታል። በናሙናው ላይ በተገኘው አረንጓዴ ስፌት አምራቹን መለየት የሚችል በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔም የለየሁት የአምራቿን አባት ጫማ ስለማደርግና አምራቿን ስለምወዳት ነው።"

ሲስተር ቀና ብለው በመነጽራቸው ላይ አዩዋት። ከመንትዮቹ አንዷ አፏን ያዘች።

"ይህን ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ማሳወቅ ሲገባኝ አላሳወቅሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስፌቷ ለእኔ ምልክት ትሆን ዘንድ የተደረገች እንደሆነ አምራቿን በቃል ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልሰጠችኝም። መልስ ባትሰጠኝም ከላይ የተገለጸው ያልተለወጠ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ስለሆነም ከመዝጋቢነት እንድነሳ፣ አራቱም ተወዳዳሪዎች አዲስ ናሙና እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለነርሶች ክፍል፣ ለሰው ኃይል ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት።"

ሲስተር ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ።

"ማህተም አለው?" አለ ጋሽ ቢላ።

"ከነቁጥሩ።"

"እንግዲያው ይግባኝ የለውም።"

ሶል ለጣፊው ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ዞረው አዩት።

እሷ ግን አልሳቀችም። አራት ዓመት በጫማ ውስጥ የፈለገችው ቃል በሦስት ግልባጭ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ መጥቶላት ነበር። የመጣላትም አሰበችብኝ፣ ተጠቀመችብኝ ብሎ ባሰበበት ሰዓት ነው። እግሯ ሥር ያለው ወለል ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰላት።

"ኮሚቴው ተስማምቷል" አሉ ሲስተር ወረቀቱን እያጠፉ። "ዐሥር ቀን። አዲስ ናሙና፣ አዲስ ቁጥር፣ ሌላ መዝጋቢ። እሱ ወደ መዝገብ ቤት ወርዷል፤ ራሱ ነው የጠየቀው። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ ምንም ምልክት። ሰማሽኝ? ምንም።"

* * *

ጫማው በስምንተኛው ቀን አለቀ። አንዲት ስፌት ቀረች።

ጥቁሩን ክር በመርፌው አሾለከች። ቆዳውን በወስፌው በሳችው። መርፌው ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አስቀመጠችው። ተነሳች፤ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይስፉልኝ።"

"እኔ ቆራጭ ነኝ።" ጋሽ ቢላ ቢላውን ወደ ጎን አደረገ፤ ይህን የሚያደርገው ቀልዱን ሲያቆም ብቻ ነው። "ስሚኝ። አባትሽ አረንጓዴዋን ለምን ጀመራት? ስሙን ነጥቀውት ስለነበር። ዓለም ሁሉ የእሱን ሥራ የሰው ሲል ለራሱ እንኳ እንዳይጠፋበት ነው የደበቃት። አሁን ማንም የሰው ስም አላተመብሽም። ስምሽን ለዐሥር ቀን አስቀምጪ ነው የተባልሽው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ስንት ጫማ ሠራ፣ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ዳኛ አላገኘም። ስም የማያይ፣ እግር ብቻ።" ቢላውን መልሶ አነሳ። "ቢያገኘው ኖሮ ያቺን ክር ሲጥላት ባየሁት።"

ሦስቱን ሚስማሮች ከኪሷ አውጥታ በከንፈሮቿ መካከል ያዘቻቸው፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሚስማር በአፉ የያዘ ሰው ማልቀስም መናገርም አይችልም፤ እጁ ብቻ ነው የሚቀረው። ለምን እንደዚያ ያደርግ እንደነበር የገባት መሰላት። መርፌውን አነሳች። ጥቁሩ ክር አለፈ፣ ጠበቀ፣ ተቆረጠ። ጫማው ማንም ያልሠራው ጫማ መሰለ። ልቧ ባዶ ቤት ሆነ።

* * *

ውጤቱ በተለጠፈበት ጠዋት ሰሌዳው ፊት ማንም አልነበረም።

"ናሙና ቁጥር 2፦ ተመርጧል። ድምፅ፦ ከ24ቱ 24።"

የተሰጣት አዲሱ ቁጥር ሁለት ነበር። ደጋግማ አነበበችው። ሲስተር ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋን ያዙ።

"ማንም ምንም አልነገረንም" አሉ በሹክሹክታ። "ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ አወቅኋት። ሌሎቹም እንደዚሁ። እግር ፊደል አይቆጥርም፣ ልጄ፣ ግን የረገጠውን አይረሳም።"

ለጋሽ ቢላና ለመንትዮቹ ልትሮጥ ይገባት ነበር። እግሯ ግን ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ወሰዳት። መዝገብ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ፋይሉ እስከ ጣራው ተቆልሏል፤ ከአንዱ መደርደሪያ ጀርባ ሁለት ትልልቅ ጫማዎች ይታያሉ።

"መልስ ይዤ መጣሁ" አለች፤ ለጫማዎቹ።

ጫማዎቹ ዞሩ። ፋይል ታቅፎ፣ አቧራ ጠግቦ፣ ከስቶ ወጣ።

"ለአባቴ ነው የሰፋኋት። ለአንተ አይደለም። ያን ዕለት..." ዓይኗን ከጫማዎቹ አነሳች። "ያን ዕለት አባቴ ይሙት ልልህ ነበር። አፌ ላይ ስትደርስ... ሞቷል። ሞቶ አገኘሁት። ሌላ መሐላ የለኝም ነበር።"

ያን ጊዜ መጣ። ስምንት ወር ያልመጣው እንባዋ ወረደ። ፋይሉን መሬት ላይ ጥሎ መጣ፤ ያቀፋት ምን እንደሚያደርግ ባላወቀ ሰው አስተቃቀፍ ነበር፤ እስክትጨርስ ድረስ አልለቀቃትም። አንድ ጊዜ ብቻ "እኔ ደንቆሮ" ሲል ሰማችው፣ ከፀጉሯ ላይ።

"ደንቆሮ አይደለህም" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "አራት ዓመት ስለ ዝናብ የጻፍክልኝ፣ ኮሚቴ ሲሆን ነው አፍህ የሚፈታው?"

"ለኮሚቴ መዋሸት አይቻልም።"

"ለእኔስ?"

"ላንቺ መናገር እፈራለሁ።"

በእንባዋ ውስጥ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። "እናትህስ?"

"ግልባጩን ከኮቴ ኪስ አገኘችው። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ይህን ሰጠችኝ፤ 'ስጣትና ምንም እንዳትናገር' ብላ።"

አንድ ሰፊ ወረቀት ዘረጋላት። በእርሳስ የተሳለ የሰው እግር ነበር። እኚያ ሴት፣ ከውጭ ካልመጣ የማያደርጉት፣ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ወረቀት ላይ ቆመው፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ዙሪያውን አስምረውታል። ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ እርሳሱ ተንቀጥቅጧል። ከሥሩ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፦ "38። ትንሿን ጣት አደራ።"

ወስፌ ያቺን የተንቀጠቀጠች መስመር በጣቷ ተከተለቻት። ጣቲቱ አላበጠችም፣ ብቻ ተጨንቃ ኖራለች። ቆዳው ለስላሳ መሆን አለበት፤ አፍንጫው ሰፋ ያለ፤ ገበሩ እዚህ ጋ ስፌት የሌለበት።

"አረንጓዴዋስ?" አላት ቀስ ብሎ።

"ለዚህች ማንም አይከለክለኝም።"

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ልትዘረጋው ፈለገች። ወንበር አልነበረም። በፋይሎቹ መካከል፣ ከጫማዎቹ አጠገብ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሱም እግሩን ዘርግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ውጭ ሰዎች ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ እሷ ግን የትም ለመሄድ አልፈለገችም።